ማልያው የትምህርት ቤቱ በነበረ ጊዜ

ማታር ላይ ኳስ የሚጫወቱት መሬቱ ሲፈቅድ ነው። ክረምት ሲገባ ጥቁሩ አፈር ውኃ ጠጥቶ ጫማ ያወልቃል፤ ሜዳውና ረግረጉ አይለዩም። በጋ ሲሆን ያው አፈር ይደርቅና ይሰነጣጠቃል፤ ስንጥቁ የልጅ እግር ያስገባል። ሜዳው በደረቀበት ወር ደግሞ ከብቱ ሣርና ውኃ ፍለጋ ወደ ወንዝ ዳር ይወርዳል። ከከብቱ ጋር ጎረምሳው ይሄዳል፤ ከጎረምሳው ጋር የክፍሉ አጥቂ ይሄዳል። እዚህ የሚያስተምር የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ሜዳ ሲያገኝ ተጫዋች ያጣል፣ ተጫዋች ሲያገኝ ሜዳ ያጣል።

ማታር በጋምቤላ ክልል፣ በኑዌር ብሔረሰብ ዞን፣ በዋንቱዋ ወረዳ ያለች፣ ለደቡብ ሱዳን ድንበር የቀረበች ትንሽ ከተማ ናት። የስምንተኛና የሰባተኛ ክፍል ግጥሚያ እንዲህ ባለ ቦታ ሲደረግ የሚሰበሰበውን ሰው አይቶ አለመገረም አይቻልም። እናቶች ጀሪካናቸውን መሬት አስቀምጠው ይቆማሉ። ሽማግሌው በበትሩ ተደግፎ የማን ልጅ እንደመታ፣ የማን ልጅ እንዳዳነ ይጠይቃል። በቴሌቪዥን ለሚታየው የእንግሊዝ ክለብ ደጋፊ ሞልቷል። ነገር ግን የአርሴናልን አጥቂ የማን ልጅ ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም።

ለገንዘብ የሚጫወት ሰው እና ለክፍሉ፣ ለትምህርት ቤቱ የሚጫወት ልጅ፣ የትኛው ልብ ይስባል? ጥያቄው አሜሪካኖች በቤዝቦላቸው፣ እኛ በእግር ኳሳችን ስንት ዘመን የኖርንበት ነው። የኛን ከሥሩ ልተርከው።

በ1894 ዓ.ም ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የድንበር ውል ሲፈራረሙ፣ ባሮ ወንዝ ዳር እንግሊዞች የንግድ ጣቢያ እንዲያቋቁሙ ፈቀዱ። ጋምቤላ እንዲህ ወደብ ሆነች። ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የእንፋሎት ጀልባ ይመጣል፤ ጨውና ጨርቅ ያራግፋል፤ ቡና ጭኖ ይመለሳል። ከወደቡ ወደ ምዕራብ በተዘረጋው ሜዳ ላይ ግን የልጆች ጨዋታ ሌላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በኑዌሮች መካከል የኖረው እንግሊዛዊው አጥኚ ኢቫንስ ፕሪቻርድ፣ ልጆች ከጭቃ በሬ ሲሠሩ አይቷል። ልጁ ጭቃውን ይጠፈጥፋል፣ ሻኛውን ያወጣል፣ ቀንዱን ይቀለብሳል። ከዚያ የራሱን መንጋ ይነዳል። የሚጫወተው በሚኖረው ኑሮ ነው።

አዲስ አበባ ላይ በዚያው ዘመን ሌላ ዓይነት ልጅነት እየተፈጠረ ነበር። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም፣ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም ተከፈቱ። ልጅ ከሰፈሩና ከዘመዱ ወጥቶ "የተፈሪ መኮንን ልጅ"፣ "የምኒልክ ልጅ" መባል የጀመረው ያኔ ነው። ኳስ ይህን አዲስ ስም ይዞ መሮጫ ሆነ። ከተፈሪ መኮንን ተማሪዎች አንዱ ይድነቃቸው ተሰማ ነበር። መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም ጅማ የተወለደው ይህ ልጅ፣ የታላቁ ባለቅኔና ዘፋኝ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ነው። አባቱ ጀርመን ሄዶ ድምፁን በሸክላ ያስቀረጸ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው፤ ልጁ ስሙን በሜዳ አስጠራ።

ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም፣ የጣሊያን ጦር በሰሜን እየገፋ ሳለ፣ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የአራዳ ልጆችን አሰባስበው ቅዱስ ጊዮርጊስን መሠረቱ። ይድነቃቸው ገና አሥራ አራት ዓመቱ ነበር፤ ማልያውን ለበሰና ለሃያ ሦስት ዓመት አላወለቀም። በ365 ጨዋታ 318 ጎል እንዳገባ ይነገርለታል። በወረራው ዘመን ፋሺስቶች ነጭና ጥቁርን በሜዳም ለያይተው ያጫውቱ ነበር። ከነፃነት በኋላ በ1936 ዓ.ም ፌዴሬሽኑ ቆመና የመጀመሪያው ሻምፒዮና ተደረገ። የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድንና ቅዱስ ጊዮርጊስ ተወዳደሩ። ዋንጫውን እንግሊዞቹ ወሰዱ። እያንዳንዱ ቡድን የአንድ ማኅበረሰብ ልጆች ነበር፤ ተጫዋች መግዛትና መሸጥ የሚባል ነገር አልታሰበም።

የካቲት 1949 ዓ.ም የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ካርቱም ላይ ተካሄደ። የማታር አካባቢ ውኃ ሁሉ ወደ ሶባት፣ ሶባት ወደ ነጭ ዓባይ ገብቶ የሚያልፈው በዚያች ከተማ ነው። ደቡብ አፍሪካ በዘር መድልዎዋ ምክንያት ተሰርዛ ስለነበር ኢትዮጵያ ያለ ግጥሚያ ለፍጻሜ አለፈች፤ በግብፅም 4 ለ 0 ተሸነፈች። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እሑድ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም፣ አዲስ አበባ ላይ ያው ግብፅ ሁለት ጊዜ መራን፤ ሁለት ጊዜ አቻ ሆንን። በተጨማሪ ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አገቡና 4 ለ 2 አለቀ። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ነበር። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ ያላት ብቸኛ የአፍሪካ ዋንጫ ያ ነው። ያመጡትም በኳስ ደሞዝ የሀብታም ኑሮ የማያውቁ ሰዎች ናቸው።

በዚያው ዓመት ማብቂያ ገደማ ወደ 280 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች ገቡና በየክፍለ ሀገሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተበተኑ። ከቤዝቦል አገር የመጡ ናቸው። አስመራ ላይም በቃኘው ጣቢያ የነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች በአጥራቸው ውስጥ ቤዝቦል ይጫወቱ ነበር። ቤዝቦል ግን በዚህ አገር ሥር አልሰደደም። ዱላው፣ ጓንቲው፣ ጠንካራዋ ኳስ፣ ሁሉም ተገዝቶ የሚመጣ ነው። የኛ ልጅ ደግሞ ከአሮጌ ካልሲና ከቡትቶ የሚሰፋ ጨርቅ ኳስ ነበረው። ሥር የሰደደው መረብ ኳስና ቅርጫት ኳስ ነው፤ ከሁሉም በላይ "ሃይስኩል" የሚለው ቃል ከነሙሉ ትዝታው። የዚያ ዘመን ሰው ዛሬ አርጅቶ እንኳ የትምህርት ቤቱን ማልያ ቀለም ሳያመነታ ይነግርሃል።

አሜሪካኖቹ አገራቸው ጥለውት የመጡት ፍቅርም ይኸው ነበር። ትልቁ የቤዝቦል ሊግ ሠላሳ ቡድን አለው፤ አንዱ ቡድን በአንድ ወቅት 162 ጨዋታ ያደርጋል። ዛሬ ቢሸነፍ ነገ አለ። የሃይስኩል የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ግን በዓመት አሥር ገደማ ግጥሚያ ነው ያለው፤ አርብ ማታ ከተማው ሱቁን ዘግቶ ይወጣል። የሚጫወተው ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ተመርቆ ይሄዳልና ዳግም አይገኝም። የትምህርት ቤት ጨዋታ የሚጣፍጠው አላፊ ስለሆነ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይድነቃቸው ግን ከጣዕም የበለጠ ሥጋት ነበረው። አውሮፓ የአፍሪካን ምርጥ ልጆች በገንዘብ መልቀም ጀምራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን አንድ ብሔራዊ ቡድን ከውጭ ከሚጫወቱ ልጆቹ ከሁለት በላይ በአፍሪካ ዋንጫ እንዳያሰልፍ ወሰነ። ደንቡ እስከ 1982 እ.ኤ.አ. ቆየ። ይድነቃቸው በዚያ ጊዜ መጀመሪያ ምክትል ፕሬዚዳንት፣ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፕሬዚዳንት ነበር። ደንቡ ከሩቅ ሲያዩት ጭካኔ ይመስላል፤ ሠርቶ የሚበላን ልጅ ከአገሩ ማልያ መከልከል ነውና። የይድነቃቸውን ልብ ግን እረዳዋለሁ። ልጁ ከሄደ ሜዳው ባዶ ይቀራል፣ ሜዳው ባዶ ከቀረ ቀጣዩ ልጅ አይበቅልም ብሎ ነበር የፈራው። እስኪሞት ድረስ ኮንፌዴሬሽኑን መራ፤ ያረፈው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም፣ በቡሄ ዕለት ነው። ያን ጊዜ ገንዘቡ አሸንፎ ነበር።

ከትምህርት ቤት ሜዳ ዓለም ሊነሳ እንደሚችል በዚያው ሰሞን ያሳየው ሰው በቆጂ ላይ የነበረ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነው፤ ስንታየሁ እሸቱ። በአንዲት የአርሲ ከተማ ተማሪዎቹን ሲያስሮጥ የለያቸው ልጆች እነ ደራርቱ ቱሉ፣ እነ ቀነኒሳ በቀለ፣ እነ ጥሩነሽ ዲባባ ሆኑ። ደራርቱ በ1992 እ.ኤ.አ. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታገኝ፣ ከጀርባዋ የነበረው ሀብት ሰዓት፣ ፊሽካና የመምህር ዓይን ነበር።

ጋምቤላ ግን በዚያ ዘመን ሌላ ነገር ላይ ነበረች። የሱዳን ሁለተኛው የእርስ በርስ ጦርነት በ1975 ዓ.ም ተነሥቶ ኢታንግ፣ ፉኝዶና ዲማ በስደተኛ ተሞሉ። በ1983 ዓ.ም ደርግ ሲወድቅ ካምፖቹ ባንድ ጊዜ ፈረሱ፤ ሕዝቡ ዳግም ተሰደደ። ከነዚያ ስደተኞችና ከጋምቤላም ልጆች ብዙው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ገባ። ሚኒሶታና ነብራስካ የኑዌርና የአኙዋ መኖሪያ ሆኑ።

እስቲ ኦማሃን እንያት። የነብራስካ ትልቋ ከተማ ናት። ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየሰኔው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የቤዝቦል ፍጻሜ የሚካሄደው እዚያ ነው። ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮም የካንሳስ ሲቲ ሮያልስ የሚያሳድጋቸው ተጫዋቾች የሚገኙበት ፕሮፌሽናል የቤዝቦል ቡድን አላት። ቤዝቦል ላይ አንድ ጎበዝ ልጅ ሃይስኩል እንደጨረሰ በአሥራ ስምንት ዓመቱ በቀጥታ ለፕሮፌሽናል ክለብ መፈረም ይችላል። ወደዚህች የቤዝቦል ከተማ በሺዎች የሚቆጠሩ የናይል ልጆች መጡ። የት ሄዱ? ወደ ትምህርት ቤቱ የቅርጫት ኳስ ጂም።

ለዚህ ምክንያቱ ቁመት ብቻ አይደለም። ቤዝቦል ከሕፃንነት ጀምሮ አባት ከልጁ ጋር እየወረወረ የሚያወርሰው ጨዋታ ነው፤ የስደተኛ አባት ደግሞ ሌሊት ፈረቃ ላይ ነው። ቅርጫት ኳስ አንድ ኳስና አንድ ቀለበት ይበቃዋል። ከሁሉ በላይ ግን ጂሙ ውስጥ የሚገኘው ነገር ስም ነው። ትላንት "ስደተኛው" የተባለ ልጅ የትምህርት ቤቱን ማልያ ሲለብስ "የኛ" ይሆናል። ካርቱም ተወልዶ በካይሮ በኩል አሜሪካ የገባው የደቡብ ሱዳን ልጅ አኮይ አጋው የኦማሃ ሴንትራል ሃይስኩልን ማልያ ለብሶ ከ2010 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. በተከታታይ አራት ጊዜ የነብራስካ ሻምፒዮን ሆነ። በኋላ በትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ተጫወተ፤ ኤንቢኤ ግን አልደረሰም። ኦማሃ ላይ ስሙ የሚነሣው በሃይስኩል ዘመኑ ነው።

በኛ አገር ደግሞ ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ። በ1990 ዓ.ም ፕሪሚየር ሊጉ ተጀመረ። የስፖርት ቋንቋችንን ልብ ብሎ የሰማ ሰው "ፕሮፌሽናል" የሚለውን ቃል ያስተውላል፤ እኛ ዘንድ ፕሮፌሽናል ማለት ውጭ ሄዶ የሚጫወት ነው። አገር ውስጥ በደሞዝ የሚጫወተው "የክለብ ተጫዋች" ይባላል። በቃሉ ውስጥ ራሱ መሄድ አለ።

የጋምቤላው ልጅ ኡመድ ኡክሪ ሄደ። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለሰችበት በ2013 እ.ኤ.አ. ከዋሊያዎቹ አንዱ ነበር፤ በተከታዩ ዓመት ለግብፁ ኢቲሃድ አሌክሳንድሪያ ፈረመ። ዋሊያዎቹ ዛምቢያን 1 ለ 1 ሲይዙ ጋምቤላ ላይ ማን እንደጨፈረ መገመት አይከብድም።

በዚያው ሰሞን ማታር ኳስ የሚታሰብባት ቦታ አልነበረችም። ታኅሣሥ 2006 ዓ.ም ደቡብ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ፈነዳ፤ በቡርቢዬ በኩል የተሻገረ ስደተኛ ማታር ላይ ዐርፎ ወደ ውስጥ ይጓጓዝ ነበር። ክረምቱ ሲመጣ ጎርፍ ተጨመረ፤ ሌችዎር የተባለውም ካምፕ በውኃ ተጥለቀለቀ። ድንኳንና ምግብ ሲታደል ልጆች ግን ፌስታል ጠቅልለው በሲባጎ አሰሩ። ከየትኛውም የስደት መንደር የወጣ ሰው ይህን ያውቃል፤ ልጅ ምግብ ሳይጠግብ ኳስ ይሠራል።

ሰኔ 2009 ዓ.ም ሌላው የጋምቤላ ልጅ ጋቶች ፓኖም ከኢትዮጵያ ቡና ለሩሲያው አንዚ ማካችካላ ፈረመ። በኑዌርኛ "ጋት" ልጅ ማለት ነው፤ ኑዌሮች የወንድ ስም ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት በዚህ ቃል ነው። ልጃችን ሩሲያ ገባ ተባለ። ዓመት ሳይሞላው ከክለቡ ተለያየና ተመልሶ አገር ውስጥ ተጫወተ፤ ከዚያም ዳግም ወደ ውጭ ወጣ። ፕሮፌሽናል ማለት ይህም ነው። ውል ይፈረማል፣ ውል ይፈርሳል፤ ማልያው የክለቡ እንጂ ያንተ አይደለም።

በ2011 ዓ.ም ማብቂያ ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ የተጫዋች የወር ደሞዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተስማሙ፤ ያን ጊዜ የአንድ መምህር ደሞዝ ስንት እጥፍ እንደሆነ አንባቢ ያስላው። በ2013 ዓ.ም ውድድር ዓመት ደግሞ ሊጉ በዲኤስቲቪ መታየት ጀመረ፤ ውሉ ለአምስት ዓመት 68 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ተጫዋች ጥሩ ቢከፈለው ደስ ይለኛል፤ አጭር ዕድሜ ያለው ሥራ ነው፣ ቤተሰብም ያስተዳድርበታል። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ብዙዎቹ ክለቦቻችን የሚኖሩት በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት መሥሪያ ቤት በጀት ነው፤ ያው በጀት ለትምህርት ቤት ሜዳ ሲጠየቅ የለም ይባላል። ከላይ እያጠጣን ከሥር አደረቅነው።

ሐምሌ 24 ቀን 2016 ዓ.ም በፓሪስ ኦሎምፒክ ደቡብ ሱዳን ከአሜሪካ ጋር በቅርጫት ኳስ ገጠመች። አሜሪካ 103 ለ 86 አሸነፈች። ለደቡብ ሱዳን 24 ነጥብ ያስቆጠረው ልጅ ኑኒ ኦሞት ይባላል። ኦሞት ለጋምቤላ ሰው የጎረቤት ስም ነው፤ የአኙዋ ስም። እናቱ ከጦርነት ሸሽታ በእግሯ ኬንያ የደረሰች ሴት ናት፤ እሱ የተወለደው ስደተኛ ካምፕ ውስጥ ነው። ያደገው ሚኒሶታ፣ ማህቶሜዲ በተባለች ከተማ ነው። በሃይስኩሉ ኮከብ አልነበረም፤ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች አልተሻሙበትም። ከትንሽ ኮሌጅ ጀምሮ አንድ በአንድ ወጥቶ ቤይለር ዩኒቨርሲቲ ደረሰ። በ2023 እ.ኤ.አ. የግብፁን አል አህሊ ማልያ ለብሶ የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ ምርጥ ተጫዋች ተባለ።

የኑኒን ታሪክ ደጋግሜ ሳስበው አንድ ነገር ይይዘኛል። ኮከብ ያልነበረውን ልጅ ሃይስኩሉ አላባረረውም። ማልያ ሰጥቶት፣ ወንበር ላይ አስቀምጦት፣ ኳስ አስይዞት አቆየው። ክለብ ይህን አያደርግም፤ ክለብ ዛሬ የሚያገባ ይፈልጋል። ትምህርት ቤት ብቻ ነው ገና ያልበሰለን ልጅ በሙሉ ልብ የሚጠብቅ። አሜሪካ ውስጥ በዓመት ከ8 ሚሊዮን በላይ ተሳታፊ በሃይስኩል ስፖርት ይመዘገባል። ከነዚያ ውስጥ በኳስ እንጀራ የሚበላው እጅግ ጥቂት ነው፤ ቀሪው የሚያገኘው ያን መጠበቅ ነው።

ማታር ላይ የሚጠብቅ ሜዳ ይኑር። ለዚህ ስታዲየም አያስፈልግም። ከፍ ብሎ የተደለደለና ውኃው የሚወርድበት ቦይ ያለው አንድ ሜዳ፣ ከብት ወደ ወንዝ ሳይወርድ በፊት የሚያልቅ የክፍል ለክፍል ውድድር፣ ለሴቶቹም ለብቻቸው የተመደበ ሰዓት ይበቃል። በውጭ ያላችሁ የጋምቤላ ልጆች፣ ለበዓል ስትመጡ የአውሮፓ ክለብ ማልያ ከማምጣት የትምህርት ቤቱ ስም የተጻፈበት አሥራ አንድ ማልያ አሠርታችሁ አምጡ። ኳስም ስትይዙ መንፊያውንና መርፌውን እንዳትረሱ፤ ማታር ላይ አይገኝም።